የረቡዕ ምሳ በዋርካው ሥር

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ጌታሁን ራሱ ደወለ! ከአዲስ አበባ ወደ ቤቱ ደሴ ሲመለስ ረቡዕ ከሚሴ ወርዶ ምሳ እንብላ አለኝ። የት ብዬ አልጠየቅኩም። ዋርካው ሥር ነዋ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስናስተምር ረቡዕና ዓርብ ምሳችን እዚያ ነበር። እኔ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን፤ ሥጋችን ቢለያይም በእሱ የጾም ቀን ሽሮአችን አንድ ነው። ከአንድ ትሪ እየበላን ስንንጫጫ የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘሀራ፣ አስተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ ወይስ ተማሪዎቹ ትለን ነበር። ያ ጊዜ ናፈቀኝ።

ግን ፈርቻለሁ። ሚስቱ አልማዝ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ፤ ለቅሶ አልደረስኩም። መጀመሪያ ወባ ጣለኝ። ስድን ደግሞ ዘገየሁ ብዬ አፈርኩ። ኀፍረቱ ከወባው ባሰ።

ማክሰኞ
ዋርካው ሥር ሄጄ አየሁ። ምግብ ቤቱን አሁን የያዘችው የእትዬ ዘሀራ ልጅ መዲና ናት። መደቡ ቀርቶ የፕላስቲክ ወንበር ገብቷል። ጥላው ግን ያው ነው።
ያዘዝኩት፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ቅቤ እንዳይነካው ሦስቴ አስጠነቀቅኳት።
ባለቤቴን ፋጡማን ምን ብዬ ልጀምር ብላት፣ ከእህሉ በፊት ተናገር፣ ከጠገብክማ ትለግማለህ አለችኝ። ታውቀኛለች።

ረቡዕ
መጣ። ሸብቷል፣ ከስቷል። ከሚኒባሱ ሲወርድ “አካም ጅርታ?” አለኝ፤ ኦሮምኛው አልጠፋውም። ተቃቅፈን ቆየን።

የፋጡማን ምክር ግን አልሰማሁም፤ ትሪው ቀረበ። ጌታሁን አንዴ ጎርሶ፣ ምነው ቅቤ ጠፋ እንዴ አለ። የጾም ነው አልኩት በኩራት። ሳቀብኝ። ለካ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም አይጾሙም። ያን ሁሉ ዓመት አብሬው በልቼ ይህን እረሳለሁ! መዲና ቅቤ አቅልጣ አፈሰሰችበት።

ሳቁ ሲበርድ ተናገርኩ። ለቅሶ አልደረስኩህም፣ ሰበብ የለኝም፣ አውፍ በለኝ አልኩት። እጁን ከትሪው ሰበሰበ።

“ድንኳኑ እስኪፈርስ በር በሩን ሳይ ነበር” አለ። “ሰው ሁሉ መጥቶ አንተን አጣሁ።”

አለቀስኩ።

ሚኒባስ ሲገባ ይቅር ብለኸኛል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

“ለቅሶ ምግብ ቤት አይደረስም፣ ሙሐመድ። ቤቴ ና።”

ይቅርታ ይሁን ወቀሳ አልገባኝም።

ሐሙስ
ቃሉን ለባለቤቴ ነገርኳት። ፋጡማ፣ የጠላህ ሰው ቤቴ ና አይልህም ብላ ጋቢዬን አጥባ አሰጣችው። እሄዳለሁ ኢንሻአላህ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ግን ምን ይባላል?

ቅዳሜ
ደሴ፣ ጌታሁን ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።
ከደጁ ስደርስ እንደ ወጉ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች፤ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ ብላ ደንግጣ።
ጌታሁን ወጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።
“ማንም አልሞተም እማማ” አላት። “ለአልማዝ ነው። ሳይመጣ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።”
አሮጊቷ አጠገቤ ቆማ አብራኝ አለቀሰች።