የቁም ሰው ልቅሶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ውሃ መጣ። በስንት ቀኑ! ጀሪካኑን ሁሉ ሞላሁ፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሳይቀር። ቢሮ አርፍጄ ገባሁ፤ ማንም ልብ አላለም። ከሥራ ስወጣ ሾላ ወርጄ ሽንኩርትና በርበሬ ገዛሁ። የታክሲ ሰልፉ ማለቂያ የለውም። ደክሞኛል።

አምሃ ደወለ፣ ከፍራንክፈርት። ታናሼ እዚያ የኛ ሰዎች ያቋቋሙት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ተመርጧል። እንኳን ደስ ያለህ ልበለው ወይስ እግዜር ይሁንህ? ግማሽ ቀን ተሰብስበው የተከራከሩት ለሰላማዊ ሰልፉ ጥቁር ቲሸርት ይለበስ ወይስ ነጭ በሚለው ነው። "ናዝዬ፣ ምልክትነት አለው፣ አንቺ አይገባሽም" አለኝ። እሺ፣ አይገባኝም።

ሕሩይ ጋም ደወልኩ። ታላቃችን ነው፤ ክፍለ ሀገር ወፍጮ ቤት ከፍቶ እዚያው አግብቶ እዚያው ወልዶ የቀረ። "ነገሩ ደስ አይልም" አለ። ሌሊት ተኩስ ይሰማል። ወረዳ ሄዶ አመልክቷል። ምን አሉህ? "ሁኔታው በቁጥጥር ስር ነው አሉኝ።" በማን ቁጥጥር ስር? አልጠየቃቸውም። እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ኔትወርክ የለም። የሕሩይ ስልክ ዝግ፣ የሚስቱ የበለጡም ዝግ። አምሃ ደግሞ በየሰዓቱ ይደውላል። "ምን ሰማሽ?" ምን እሰማለሁ? ዜናው ስለ መናፈሻ ምረቃ ያወራል። እሱ ግን ሁሉን ያውቃል፤ የትኛው ሰፈር እንደተቃጠለ ሳይቀር። አገር ውስጥ ተቀምጬ ያገሬን ወሬ ከፍራንክፈርት እሰማለሁ። ወይ ጉድ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

በለጡ መጣች። ሁለቱን ልጆች ይዛ፣ በሰሊጥ ጭነት መኪና። ትንሿ የማላውቀው ልጅ ሹራብ ለብሳለች። ሚሊሻው "ለሥልጠና" ተብሎ ከከተማው ተነሳ፣ በማግስቱ ታጣቂዎቹ ገቡ አለች። ወፍጮ ቤቱም ቤቱም የለም።

"ሕሩይስ?" አልኳት። በሩን አየች። ተነስታ ዘጋችው። "ኢቲቻ ጋ ነው።"

ኢቲቻን አውቀዋለሁ። የሕሩይ ሚዜ ነበር፤ ከሠርጉ በኋላም ጎረቤቱ ነው። ከጎተራው ጀርባ ደብቆታል። ሕሩይ እግሩ ተጎድቷል፣ መንገድ አይችልም። ቢችልስ? ኬላ ላይ መታወቂያ እያዩ ያወርዳሉ። ፈላጊዎቹ እንዳይመለሱ ኢቲቻ ራሱ ወሬ ነዛ... "ሕሩይን ገድለው ወንዝ ሲጥሉት በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ። አመኑት። ፍለጋው ቆመ።

"አንድ ሰው ከሰማ ሁለት ሰው ይሞታል" አለች በለጡ። ልጆቹ አባታቸው ለሥራ የቀረ ነው የሚመስላቸው።

ለአምሃ ልንገረው? ልቡ ንጹሕ ነው፣ ግን ምስጢር አይቋጥርም። ለአምሃ መንገር ለፌስቡክ መንገር ነው። አልነግረውም። ለእማዬ ግን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈሯ ድረስ ሄጄ በጆሮዋ ነገርኳት። "ሞተ ብለው ከመጡ እንድታለቅሺ" ብላት ተቆጣችኝ። "በቁም ልጄ ላይ? ሟርተኛ!"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አምሃ ደወለ። "ወንድማችንን በሉት!" ልብ የሚሰነጥቅ ለቅሶ።

ወሬውን ማታ ፌስቡክ ላይ አይቶት ነበር። ቢሆንም እንደ ወጉ ሊነጋጋ ሲል የኮሚቴው ሰዎች በሩን አንኳኩተው መርዶውን አረዱት። ቃሉን ያወጣው ልደቱ የሚባለው ጸሐፊያቸው ነው። የታችኛው ፎቅ ጀርመን ለቅሶውን ሲሰማ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ መጥተው ጫማ ደጃፉ ላይ ተኮልኩሎ፣ ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ ሲያዩ ግራ ገብቷቸው ተመለሱ።

"ለእማዬ አንቺ እንዳትነግሪያት፣ ሽማግሌ እልካለሁ" አለኝ። ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ። በለጡ ከኋላዬ ክንዴን ጨብጣለች፣ ጥፍሯ ገባ። "አይዞህ" አልኩት። ወንድሜ ለቁም ሰው እያለቀሰ... "አይዞህ"! ሌላ ምን ይባላል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

እማዬ ቤት ነው ያደርኩት። ገና ሳይነጋ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። አምሃ ነው የላካቸው። ፈራሁ፤ እማዬ አላለቅስም ብላ "ልጄ አለ" ብትላቸውስ? በአንድ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

"ወይዘሮ የሺሃረግ፣ እንግዲህ እርስዎ የእምነት ሰው ነዎት..." ብለው ጀመሩ። ሳይጨርሱ ጮኸች። ድንኳን ተተከለ። ቀኑን ሙሉ አለቀሰች፣ ደረቷን ደቃች፣ ሰፈሩን አስለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የምን እንደሆነ እንጃ።

ሰው ቀለል ሲል ጠጋ ብዬ "እማዬ፣ ምን ነካሽ?" አልኳት።

"ሕሩይ ብዬ ጠራሁ?"

አሰብኩት። ስም አልጠራችም። ቀኑን ሙሉ "ልጄ፣ ልጄ" ብቻ ነው ያለችው።

"እዚያ የወደቀው ሁሉ የሰው ልጅ አይደል? አልቃሽ ያጣ ስንት አለ። ለነሱ ነው ያለቀስኩት" አለችኝ። ከዚያ ውሃ ጠይቃ ጠጣች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሰልፉ ተደረገ፤ ከበለጡ ጋር በስልኬ አየነው። ጥቁሩ ቲሸርት አሸነፈ። ደረቱ ላይ የሕሩይ ፎቶ፣ ከሥሩ ሻማ። ከሠርጉ ፎቶ የተቆረጠ ነው፤ ሳሎኔ ተሰቅሎ የለ? ትከሻው ላይ የሰው ጣት ይታያል። የኢቲቻ ጣት ነው። ሰውየውን ቆርጠው ጥለው ጣቱን ረሱት።

ግን የመጡት ሰዎች የምር ነው ያለቀሱት፣ መካድ አልችልም። በዝናብ ቆመው። ሃኒ የምትባል እዚያው ተወልዳ ያደገች ልጅ በተሰባበረ አማርኛ የሟቾቹን ስም ጠራች። ሕሩይ ስትል በለጡ ስልኩን ነጥቃኝ ዘጋችው።

የሌላው ወገን ኮሚቴ ደግሞ፣ እነሱም እዚያው ፍራንክፈርት ናቸው፣ "የሞተ ሰው የለም፣ ፈጠራ ነው" የሚል መግለጫ አወጣ። ስለ ሕሩይ ሳያውቁት እውነት ተናገሩ። ስለሌሎቹስ? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ለሙት እንኳ ወገን ይመርጣሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ጠዋት ኢቲቻ ለበለጡ ደወለላት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ። "ጥጃው ይበላል" አላት። ጥጃው ሕሩይ ነው። "ያውም ሽሮ አማረኝ ይላል።" ከመጣች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ከሰዓት የአምሃን የቀጥታ ስርጭት ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩት! "ገዳዩ ታውቋል" ይላል። "ኢቲቻ ይባላል። የወንድሜ ሚዜ ነበር። ወንዝ ሲጥሉት አየሁ ብሎ በገዛ አፉ ተናግሯል። አብሮ ካልነበረ እንዴት አየ?" የሠርጉን ፎቶ አሁን ሙሉውን አወጡት። የኢቲቻ ፊት ላይ ቀይ ክብ።

ወዲያው ደወልኩ። "አውርደው!"

"ለምን?"

"በእናትህ አውርደው አምሃ። ኢቲቻ እንዲህ አያደርግም።"

"ፈርተሽ ነው፣ ይገባኛል። እናንተ መናገር አትችሉም። እኛ ድምፅ እንሆናችኋለን።"

ድምፅ! ማን ጠየቃችሁ? እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። በለጡ ራሷን ነቀነቀች። ዋጥኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

መንግሥት ደረሰ። ቤት ሲቃጠል ያልደረሰው፣ ሕሩይ ደጅ ሲጠናው ያልሰማው መንግሥት በፒክአፕ ተጭኖ መጣ። ኢቲቻን ሊያስር! ውጭ ጩኸቱ ሲበዛባቸው "እርምጃ ወስደናል" የሚሉበት አንድ ሰው ፈለጉ። ያቃጠሉት ግን ገበያ መሃል ሻይ ይጠጣሉ አለች ሚስቱ ጵርስቅላ፣ እሷ ናት የደወለችው። "ለጥጃው የሚበላውን በስንት መከራ በጨለማ እወስድለታለሁ። ቤቱን በዓይን እየጠበቁት ነው።"

አሁንስ በቃኝ። ለአምሃ ደወልኩ። "ሕሩይ በሕይወት አለ። የደበቀው ኢቲቻ ነው። ሞተ ያለውም እንዳይፈልጉት ነው።"

ሁለቴ ነገርኩት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትለጥፈው ነበር።"

"ወንድሜ ነው እኮ ናዝሬት! ይኼን ሁሉ ቀን አለቀስኩ!"

እውነቱን ነው። ተናደድኩም አፈርኩም። ብነግረው ኖሮ የኢቲቻን ስም አያነሳም ነበር። ወይስ ደስታው አላስችለው ብሎ "ወንድሜ ተረፈ" ብሎ ይጽፍ ነበር? አላውቅም። ኢቲቻን ያሳሰርነው ግን ሁለታችን ነን።

ቪዲዮውን አወረደው። ምን ዋጋ አለው፣ ስንቱ ተቀባብሎታል።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ሕሩይ ወጣ። በራሱ። ኢቲቻ በሱ ሞት መታሰሩን ጵርስቅላ ስትነግረው ዱላ ጠየቃት። እያነከሰ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማው መሃል ሄዶ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። "ሞተ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ሰውየውን ልቀቁት" አላቸው።

በለጡ ስትሰማ መጀመሪያ ሰደበችው። "የማይረባ! ልጆች የሉትም?" ከዚያ መሬት ተቀምጣ አለቀሰች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አይለቁትም! መዝገቡ "ሟች ሕሩይ" ይላላ። መርማሪው "ሕሩይ መሆንህን የሚያስረዳ ማስረጃ አምጣ" አለው። መታወቂያው ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌም ተቃጥሏል። ምስክርስ? የሚያውቁት ሁሉ ወይ ሸሽተዋል ወይ ሞተዋል። "እናንተ ጋ የታሰረው ያውቀኛል፣ ሚዜዬ ነው" አለ። ተጠርጣሪ ምስክር አይሆንም ተባለ። ሕሩይንም "ለራስህ ደኅንነት" ብለው እዚያው አስቀመጡት። ይኼን ለማን ይናገሩታል?

"በል አሁን ጩህ" አልኩት አምሃን። "ለመጮህ ነው የተፈጠራችሁት፣ ጩሁ!"

ኮሚቴው እምቢ አለ። ልደቱ "ሕሩይ አለ ካልን የሞቱትንም አልሞቱም ይሉናል" አለ። ወይ አምላኬ... ይሄ ደግሞ ውሸት አይደለም፣ ይሉናል። ግን ቆሞ የሚሄድ ሰው ሟች ሆኖ ይቅር?

አምሃ ብቻውን በቀጥታ ስርጭት ወጣ። ያለ ቲሸርት፣ ያለ ባንዲራ፣ ኩሽናው ውስጥ። "ተሳስቻለሁ። ወንድሜ አለ። ያተረፈው ኢቲቻ ነው" አለ። ከሥር የጻፉለትን ስድብ ማንበብ አልቻልኩም። የራሱ ሰዎች ናቸው የሰደቡት። ባንዳ አሉት። ከኮሚቴውም አወጡት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ተፈቱ! ሁለቱም። ሦስት መስመር አማርኛ፣ አንድ ማኅተም፣ ሂዱ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

ማምሻውን የኢቲቻ ቤት ተቃጠለ። "ደብቆብን ኖሯል" ብለው፣ የገዛ ሰፈሩ ልጆች። ጵርስቅላና ልጆቹ በጓሮ አምልጠዋል። ቤቱን ያስቃጠለው ሕሩይ መውጣቱ ነው ወይስ አምሃ መናገሩ? ባይወጣም ባይናገርም ኢቲቻ እንደታሰረ ይቀር ነበር። ራሴን አመመኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 21

እነ ሕሩይ በሰሊጥ ጭነት መኪና ተሸሽገው ደረሱ። ሁሉም እማዬ ቤት ናቸው። የኢቲቻ ልጆች፣ የሕሩይ ልጆች፣ ፍራሽ በፍራሽ። እማዬ ለጽዮን ማርያም እንጦጦ ወጥታ መጣችና ሁሉንም በየተራ ጠበል ረጨች። ጵርስቅላ ጴንጤ ናት፣ ዝም ብላ ተረጨች።

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ሕሩይን ሊያዩ መጡ። አማተቡ፣ ትከሻውን ዳበሱት፣ "እኔን ሽማግሌውን ውሸታም አደረግከኝ" ብለው ሳቁ። ድንኳናችን ሥር ስታለቅስ የዋለች ጎረቤት ግን ጓዳ ድረስ ተከትላኝ "ያኛው ሰውዬ ከነሱ ነው አይደል?" አለችኝ። ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ። ኢቲቻ ቤት ኪራይ ፍለጋ ሊጀምር ነው። ስንት በር ላይ ይሄን ይጠይቁት ይሆን?

አምሃ ደወለ። ይቅርታ ልጠይቀው፣ ስጪልኝ አለ። ደግሞ ሌላ አሳብ አለው... አዲስ ማኅበር አቋቁሟል፣ በኢቲቻ ስም ዝግጅት ሊያደርጉ፣ ፎቶውን ትልቅ አድርገው ሊሰቅሉ። "ጀግና ነው፣ ዓለም ይወቀው" ይላል።

ስልኩን ዘረጋሁለት። ኢቲቻ አልተቀበለኝም። ልጁን ታፋው ላይ አስተኝቷል።

"አልተቀየምኩትም በይው፣ እህቴ። ያናገረው ሐዘን ነው። ግን ከእንግዲህ ስሜን አያንሳ። በክፉም፣ በደግም።"

ነገርኩት፣ ቃል በቃል። አምሃ "ታዲያ ምን ልበል?" አለኝ። የእውነት ነው የጠየቀኝ።

"ምንም" አልኩት። "አንድ ጊዜ እንኳ ምንም አትበል።"

"እሺ" አለ። ስልኩን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁም። ከወዲህ የልጆቹ ጫጫታ እየተሰማው፣ ሳይናገር፣ ካርዱ እስኪያልቅ ቆየ።