አንድ ስኒ የግመል ወተት

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10፣ ጠዋት፣ ጻካኔ፣ ደቡብ አፍሪካ

ለሱቁ ዳቦ መጣ። ላምባ አልቋል። የሱቅ ሸሪኬ ዘይኔ ሻንጣዋን ዘግታ በር ላይ አቁማለች፤ የኔ ገና አልተጀመረም። ሱቃችን ያለበት ግቢ ባለቤት ማማ ኖምሳ፣ ስድሳ ዓመቴን ግመል ላይ ካላከበርኩ ብላ እኛንም ይዛን ልትሄድ ነው። ካላሃሪ በረሃ! ግመል ላይ ውሎ፣ ሜዳ ላይ አዳር። እኛ እኮ ከጀርሚስተን ጅምላ ሱቆች አልፈን አናውቅም። ሱቁን የዘይኔ ወንድም ይጠብቅልናል። እሱ ደግሞ እህቱን ጀርሚስተን ወስዶ ከራሱ ጋር ሊያሠራት ዘወትር ይጨቀጭቃታል። አበቡን ለማን ጥዬ፣ ትለዋለች፣ እኔን ማለቷ ነው። ማስታወሻዬ፣ ይቺን ያዝልኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12፣ ማታ፣ ድንኳን ውስጥ

ጣቴ በብርድ ደንዝዟል። ግመሉ ሲነሳ በኋላ እግሩ ነው የሚጀምረው፤ በግንባሬ ልደፋ ነበር። እኔ ኢየሱስ፣ ከኋላዬ ዘይኔ ቢስሚላህ። ማማ ኖምሳ በሳቅ ሞተች። የሆሳዕና ልጅ ግመል ከየት አውቃለሁ? ከዋክብቱ ግን! ሰማይ እንዲህ ሙሉ መሆኑን ረስቼው ኖሯል። ጻካኔ ላይ ጭስና ፓውዛ ነው የሚታየው።

እሳቱ ዳር ግመል ነጂዎቹ የግመል ወተት አዞሩ። ዘይኔ ቀምሳ ስኒዋን አቀበለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። የማማ ኖምሳ ልጅ ስልኳን ደግናብኛለች፤ ፌስቡክ ላይ ልትለጥፈው፣ ጠጪ ጠጪ ትለኛለች። የቤተ ክርስቲያን ኅብረታችን እህቶች ፊቴ ድቅን አሉ። እናቴም። ግመል የእስላም ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ስኒውን መለስኩ። በእንግሊዝኛ፣ ለስልኩ፣ እየሳቅኩ፣ እኛ ክርስቲያኖች አንጠጣም፣ እነሱ ናቸው የሚጠጡት አልኩ።

እነሱ አልኩ። እኔ! ዘይኔ የምታሳርደውን ዶሮ ስበላ የኖርኩት፣ በአንድ ድስት፣ በአንድ ሳህን። ታምሜ ስተኛ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣችኝ እሷ ናት። ለእህቶች ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት እኔ ነኝ።

ከነማማ ኖምሳ ማንም ምንም አልገባውም። ድንኳን ስንገባ ዘይኔ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። ቆይታ፣ በቀስታ፦

«አበቡ፣ እኔም እነሱ ሆንኩ?»

መጤ ተብለን ሱቃችን በተዘረፈ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ «እነሱ» ሲለን፣ ተቃቅፈን ያለቀስነው እኔና እሷ ነን። ምላሴን ይቁረጠው። ተኝታለች ወይስ

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ተመልሰናል። አልተኮራረፍንም፣ እሱ ነው የባሰው። መንገዱን ሙሉ ብስኩት ታቀብለኛለች፣ ደከመሽ ወይ ትለኛለች። ልክ እንደ እንግዳ።

ለምሳ ምድጃው ላይ ሁለት ድስት። አንዱ አዲስ፣ ከሱቃችን መደርደሪያ የወረደ። ያንቺ ነው፣ እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው አለችኝ። ቁጣ የለውም ድምጿ። ምናለ በሰደበችኝ! ለብቻዬ ሠርቼ ለብቻዬ በላሁ። ማታ ከወንድሟ ጋር በስልጥኛ ስታወራ ጀርሚስተን የሚለውን ለይቼ ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ቪዲዮው ወጥቷል። እህቶች ወደውታል። አንዷማ ተባረኪ ብላ ጽፋልኛለች። ተባረኪ! የት ልግባ? ምግብ ሰውን አያረክስም የሚለውን መጽሐፍ እሁድ እሁድ አብረን እናነባለን እኮ። ከአፌ የወጣው ነው ያረከሰኝ። ዘይኔ ቪዲዮውን ትየው አትየው አላውቅም። ለመጠየቅ ፈራሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18፣ ቀትር

ዘይኔ ጁምዓ ሄዳለች። ዓርብ ሱቁ በኔ ነው፣ እሁድ በሷ። እስካሁን እንዲህ ነበር።

አዲሱን ድስት ፈትጌ አጠብኩት። ዋጋ ለጥፌ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። አንዲት እናት ሳዎቦና ብለው፣ በዙሉ ሰላም ብለውኝ፣ ገቡ፣ አገላብጠው አዩት፣ ገዝተውት ሄዱ።

ከዚያ ቪዲዮው ሥር ጻፍኩ። በአማርኛ፣ እህቶች እንዲያነቡት። ዋሽቻለሁ፣ የዘይነባን ዶሮ ስበላ ነው የኖርኩት፣ ወተቱንም ያልጠጣሁት እናንተን ፈርቼ ነው አልኩ። ስልኬ መጮህ ጀምሯል። አላነሳሁም።

አሁን ትመጣለች። ምድጃው ላይ አንድ ድስት ብቻ ታገኛለች፣ የራሷን። ይቅርታ እላታለሁ። ዛሬ ከሱ ነው የምበላው። ከሰጠችኝ።