ያልተለኩት ማሳዎች

ጂንካ፣ መጋቢት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ መምህሬ ዶክተር ወልደ ጊዮርጊስ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከተኮራረፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ዛሬ ግን የምጽፍልዎ ደስ ብሎኝ ነው።

በ1975 ጥር ረዳትዎ ሆኜ ካንጋተን የወረድንበትን ጊዜ አይረሱትም። መኪናችን እስከ ኦሞ ወንዝ ዳር አልዘልቅ ስላለ፣ ከመንገዱ አጠገብ ያሉ አሥራ አንድ የማሽላ ማሳዎች ለክተን ተመለስን። በመጽሔቱ ላይ የወጣው ጥናትዎ ግን «አርባ ማሳ» አለ። ሠንጠረዡን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ጂንካ እርሻ ቢሮ ተመድቤ በመጣሁ በዓመቱ ጥናትዎ በቢሮው ስብሰባ ላይ ተነበበ። «የወንዙ ዳር እርሻ ምርት የለውም» ተባለና ገበሬዎቹን ከቦታቸው ለማስነሳት ዕቅድ ወጣ። አስተርጓሚ ይሁነኝ ብዬ የቢሮ ባልደረባዬን ዶላሞን ይዤ ካንጋተን ተመለስኩ። አንድ የኛንጋቶም ብሔረሰብ አዛውንት ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ።

«እናንተ የለካችሁት በዚያ ዓመት ጎርፍ ያልደረሰበትን መሬት ነው» አሉኝ በዶላሞ በኩል። «እኛ የምንበላው ከታች፣ ወንዙ ሞልቶ ካጠጣው መሬት ነው። ለምን አልጠየቃችሁንም?»

አዝመራው ሲደርስ በእግሬ ወርጄ አርባ ማሳ ለካሁ። ምርቱ እርስዎ ከጻፉት ሦስት እጥፍ ሆነ። የራሴንም ጥፋት ጨምሬ በጥናትዎ ላይ ሂስ ጻፍኩና፣ ለመጽሔቱ ከመላኬ በፊት ረቂቁን ቢሮዎ ድረስ ይዤልዎ መጣሁ።

«እኔ ባስተማርኩሽ እኔኑ ልታዋርጂኝ? ውጪልኝ!» አሉኝ።

ወጣሁ፤ ላክሁትም። ቅጂውን ዕቅዱን ላወጣው ኮሚቴም ሰጠሁ፤ አይቶ ዕቅዱን አቆመው።

ባለፈው ሳምንት ከመጽሔቱ አዘጋጅ የገምጋሚ አስተያየት ደረሰኝ፤ ሦስት ገጽ፣ ስም የሌለበት። የእጅ ጽሑፍዎን ግን የት አጣዋለሁ! አንድ ስሌት እንደተሳሳትኩ፣ የዝናቡንም መጠን እንደዘነጋሁ አሳይተውኛል። እውነትዎን ነው፤ ሁለቱንም አርሜያለሁ። መጨረሻው ላይ «ይታተም» የሚለውን ሳነብ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ሦስተኛውን አስተያየት ግን አልተቀበልኩም። «የረዳቷ ጥፋት ከጽሑፉ ይውጣ፤ ኃላፊነቱ የአጥኚው ብቻ ነው» ብለዋል። ሊከልሉኝ እንደፈለጉ ገብቶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን አይወጣም፤ ለአዘጋጁም ይህንኑ ጽፌለታለሁ። ጥፋቴን በራሴ ስም መጻፍ የምችል ሰው ነኝ፤ እንዲህ አድርገው ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት።

በጤና ይቆዩልኝ።

አክባሪዎ፣
እልፍነሽ ኤርሳዶ