ከአውሮፕላን ጋር በፊርማ ስለ መታሰሬ

ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 2007 ዓ.ም

ለፎገራ ሜዳ የጎርፍ ካርታ ሥራ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

ጉዳዩ፦ አውሮፕላኗ አውቶፓይለቷ ሳይገናኝ በአብራሪ እጅ ባሕር ዳር እንድትገባ፣ እኔም ቤቴ እንድገባ ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

አመልካች የኔነህ ገብረማርያም የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ቴክኒሺያን ነኝ። ኅዳር 8 ቀን ለአምስት ቀን የመስክ ሥራ ከቢሾፍቱ መጣሁ። ሥራዬ ቁሐር ሚካኤል ሜዳ ላይ በቆመችው የካርታ ፎቶ አንሺ አውሮፕላን ላይ አዲስ የበረራ መለኪያ መግጠም፣ እሱንም ከአሮጌው አውቶፓይለቷ ጋር ማገናኘት ነበር። አምስቱ ቀን ሰባት ወር ሞላው። ይዤ የመጣሁት ሁለት ሸሚዝ ነው፤ አንዱ ዛሬ መወልወያ ሆኖ መንግሥትን እያገለገለ ይገኛል።

1. አውቶፓይለት፣ አብራሪው እጁን ሲያነሣ አውሮፕላንን በቀጥታ መስመር የሚይዝ መሣሪያ ነው። የእኛው በሠላሳ ዓመቱም ጤነኛ ነው። ነገር ግን አቅጣጫ የሚቀበለው በቮልት ነው፤ ወደ ቀኝ ሲስት ቮልቱ ከፍ፣ ወደ ግራ ሲስት ዝቅ ይልለታል። አዲሱ መለኪያ ደግሞ የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው። ሁለቱን በሽቦ ብቻ ብናያይዛቸው አሮጌው ምንም አይሰማም። በመካከላቸው ቁጥሩን ወደ ቮልት የሚመልስ፣ አዳፕተር የሚባል የሳሙና ካርቶን የሚያህል ዕቃ ያስፈልጋል።

ይህንን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ በስብሰባ አስረዳሁ። «ጥሩ ነው፣ አሁን በአማርኛ ንገረን» ተባልሁ። የነገርኋቸው በአማርኛ ነበር። ከሜዳው ዳር የሚያርሱት አቶ ባየህ ግን አንዴ ሰምተው ገባቸው። «ይኸማ ወይፈንን ከአሮጌ በሬ ጋር መጥመድ አይደል? ቀንበር ሳታመጣ ጅራፍ ብታጮህ ምን ሊሆንልህ ነው፣ አንተ ልጅ!» ብለው ተቆጡኝ። ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ያገኘሁት ብቸኛ የቴክኒክ አስተያየት ይህ ነው።

2. ቀንበሩ፣ ክቡር ሆይ፣ መጥቶ ነበር። ጥር ላይ መሣሪያው ሁለት ወር ዘግይቶ በካርቶን ሲደርስ አዳፕተሩም አብሮት ነበር። በግዥ መጠየቂያው ላይ የተጻፈው ግን «የበረራ መለኪያ፣ ብዛት 1» ነው። ዕቃ ተረካቢው ኮሚቴ ካርቶኑን ሲከፍት ሁለት ዕቃ አግኝቶ ደነገጠ። ሰብሳቢው አቶ በላቸው «ሻጩ ተሳስቷል፤ እኛ የሰው ዕቃ አንበላም» ብለው፣ አዳፕተሩን «ያልተጠየቀ ትርፍ ዕቃ» ከሚል ሸኚ ደብዳቤ ጋር አሽገው መለሱት። እኔ በዚያ ዕለት ሽቦ ፍለጋ ወረታ ነበርሁ። ስመለስ ኮሚቴው በግምገማ በታማኝነቱ ተጨብጭቦለት አገኘሁት። «ኧረ ዕቃውስ?» ብዬ በመጠየቄ የእኔ ውጤት ዝቅ አለ። ለሻጩ ተጽፎ ይምጣልን ስል አቶ በላቸው «እንዴት አድርገን? ታማኝነታችንን መልሱልን ልንል ነው?» አሉ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ወደቀ።

3. ካፒቴን እሱባለው የተባሉት አብራሪያችን ለገና በዓል ሲሄዱ፣ አውሮፕላኗን ለሦስት ቀን ብቻ ተብዬ በፊርማዬ ተረከብሁ። ሥራው እስኪያልቅ ተብሎ እሳቸው ባሕር ዳር ቀሩ፤ ፊርማው ግን እኔ ላይ ቀረ። የካቲት 3 ቀን ባለቤቴ ፀገነት ሴት ልጅ ስትወልድ ፈቃድ ጠየቅሁ። በስሜ ንብረት ስላለ ክሊራንስ ሳልይዝ ንቅንቅ እንደማልል ተነገረኝ። ለክሊራንሱ አውሮፕላኗን ለንብረት ክፍል ላስረክብ ሄድሁ። ንብረት ክፍሉ ግምጃ ቤት ያልገባ ዕቃ ገቢ አይሆንም አለ፤ የግምጃ ቤቱ በር ደግሞ ሁለት ክንድ አይሞላም። «ክንፏ አይታጠፍም?» ተብዬም ተጠይቄአለሁ። አይታጠፍም።

ልጄ ናፍቆት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እኔ የአውሮፕላን ጎማ እነፋ ነበር። ፀገነት በስልክ «በሰፈራችን አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ‹ያውልሽ አባትሽ› እላታለሁ፤ ሁሉም ያልፋል፣ አንተ ብቻ አታልፍም» አለችኝ።

4. ሰኔ ገብቷል። የሜዳው አፈር ዋልካ ነው፤ ሁለት ጥሩ ዝናብ ከመታው ጎማዋ ሰምጦ ይቀራል። ሐምሌ ላይ የርብ ወንዝ ሲሞላ ውኃው ራሱ ይደርሳል። አቶ ባየህ ከብቶቻቸውን ከሜዳው ማውጣት ጀምረዋል። ጎርፉ የት የት እንደሚደርስ ልታጠና የመጣች አውሮፕላን ባለችበት ቆማ መልሱን ልታገኝ ነው። በዚያን ጊዜ ጠፋ የሚባለው ንብረት በእኔ ስም ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ዕዳውን ስከፍል እጨርሳለሁ።

5. ካፒቴኑ እሁድ መጥተው አውሮፕላኗን በእጃቸው ሊያበሯት ተስማምተዋል። እስከ ባሕር ዳር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አውቶፓይለት አያስፈልግም፤ እኔ የአውቶፓይለቷን ሁለት ሶኬት እነቅላለሁ፣ አለቀ። ሆኖም የዕቅድ ክፍሉ በቃል የሰጠኝ መልስ «ዕቅዳችን የሚለው ‹ተገናኝታ የምትበር አውሮፕላን› ነው። ሳትገናኝ ከበረረች አፈጻጸማችን ዜሮ ነው፤ ከቆመች ግን በሂደት ላይ ተብሎ ሰማንያ አምስት በመቶ ይያዝልናል» የሚል ነው። ለጥበቃ ሠራተኛው ለአቶ ካሴም ያለ መውጫ ወረቀት እንዳያሳልፏት ትእዛዝ ደርሷቸዋል። ሰውዬው ተጨንቀው «ጌታው፣ ወደ ላይ የሚወጣን ንብረት በየትኛው በር ቆሜ ልከልክለው?» ብለውኛል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ እስከ ቅዳሜ ሰኔ 13 ቀን ድረስ የአውሮፕላኗን መውጫ ወረቀትና የእኔን ፈቃድ እንዲፈርሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወረቀቱ ካልደረሰኝ እሁድ ጠዋት ሁለቱን ሶኬት ነቅዬ፣ በፊርማዬ ያለውን ንብረት ከውኃ ለማዳን ከካፒቴኑ ጎን እቀመጣለሁ። በዚያ ጊዜ ከሰኞ ጀምሮ ለሚጻፍብኝ ክስ ይህ አቤቱታ አስቀድሞ የተሰጠ መልስ ሆኖ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ከፋይሌ ጋር እንዲያያዝልኝ አመለክታለሁ።

ከአክብሮትና ከስንብት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የኔነህ ገብረማርያም
የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ቴክኒሺያን