ከአጥሩ ጀርባ ያለችው መስመር

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? አናጢው ባለቤትሽስ? ፍንጭቷ ልጅሽና ወንድሟ፣ በሆድሽ ያለውስ? ይህን ለወግ ያህል አልጠየቅሁም፤ ባለፈው ደብዳቤሽ የልጆቹ ሆድ ቁርጠት አልለቅ አለ ያልሽው እንቅልፍ ነስቶኛል። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ከቧንቧው ውሃ ማንም እንዳይጠጣ። አፍልቼ አጠጣለሁም እንዳትዪ፤ ይህኛው በማፍላት አይወጣም። ስልክሽን ሦስት ቀን ሞክሬ እምቢ ስላለኝ ነው በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ የላክሁት።

እንደምታውቂው የተቀጠርኩት ለብዙ ከተሞች ውሃ በሚያድል ድርጅት ነው፤ ሥራዬ ድረ ገጹ ነው። ድረ ገጹን የምታዘው አንዲት ተራ የጽሑፍ ፋይል ናት፤ የትምህርት ቤት ስም መጥሪያ በያት። በየመስመሩ የገጹ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ገጹ ያለበት ቦታ ይጻፋል። በአንድ ርዕስ ሥር ያሉት ደግሞ ሁለት ክፍት ቦታ ገባ ብለው እኩል ይሰለፋሉ። ስሙ የተጠራ ይወጣል፤ ያልተጠራ የለም። ከመስመሩ ፊት በስልክሽ ላይ ከዜሮ ጎን ያለውን፣ አጥር የሚመስለውን ምልክት ካደረግሽ ኮምፒውተሩ እንዳላየ ያልፈዋል። ሰው ግን ያነበዋል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ሰዎች ከአጥሩ ጀርባ ለተተኪያችን ማስታወሻ እንተዋለን።

በሁለተኛው ሳምንቴ «የውሃ ምርመራ ውጤት» ከሚለው ሥር ያሉትን ከተሞች ብቆጥር አምስት ናቸው፤ ለሕዝብ የሚታዩት ግን አራት። አምስተኛዋ ፊት አጥር ቆሟል። የእናንተ ከተማ ናት። ከላይዋ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ እንዲህ ብሏል፦ «ደብቅ ተብዬ ደበቅሁ። ሰባት ወር ሆነው። የምትተካኝ ሆይ፣ ገጹን ከፍተህ አንብበው።» አነበብኩት። በውሃው ውስጥ መርዛማ ብረት ተገኝቷል፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ጨርሶ አይሆንም ይላል። እዚያው በወረቀት አተምኩት።

ልጁ የት እንደገባ ከጎኔ የምትሠራዋን ሥዕል አቀናባሪ ብጠይቃት፣ «ወንበሩን አትላመደው ወንድሜ፣ ሰው አይበረክትበትም» ብላ ሳቀች። ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም። ኃላፊያችን ደግሞ፣ «አንተ ገጽ ሥራ እንጂ ውሃ መርምር ማን አለህ? ቧንቧው እስኪቀየር ሰው ማስደንገጥ ነው ትርፉ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል የሰማሁት ለካ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

እኔ መቼም ታውቂኛለሽ፣ አርፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። ዓርብ ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ አጥሩን ነቀልኩት። ስቸኩል ግን ከኋላው የነበረችውን አንዲት ክፍት ቦታ ረሳኋት። መስመሯ ከእህቶቿ ትንሽ ገባ ብላ ቀረች፤ ኮምፒውተሩም ሰልፉ ተዛነፈ ብሎ ዝርዝሩን በሙሉ አልቀበልም አለ። አንዷን አወጣለሁ ስል ድረ ገጹ ባዶ ነጭ ሆነ። ስልኩ በየክፍሉ ይጮህ ጀመር። ኃላፊያችን ከጀርባዬ መቆማቸውን ያወቅሁት ጥላቸው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያርፍ ነው። አልተቆጡም። «መልሰው» አሉ። መለስኩት፣ ከነአጥሩ። «ሰኞ ጠዋት መታወቂያህን ይዘህ ቢሮዬ ና።» ከሰዓት በኋላ የይለፍ ቃሌ አልከፍት አለኝ። ትናንት ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው አከራዬን የትውልድ ከተማዬን ጠይቋታል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የምትጠጡትም እናንተ፣ የማታውቁትም እናንተ። ያተምኩት ውጤት ከዚህ ጋር ታጥፏል። ከወረቀቱ ስድስት ቅጂ አስነሺና ቦኖው ላይ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ለጥፉት። ማን ላከው ቢሉሽ አላውቅም በይ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የሰው ሥራ ይቆየውና የምትጠጡትን የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም አሸንዳ ለቤቱ ይግጠም። ፍንጭቷን ሳሚልኝ፤ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧም እንዳትጠጣ። ለወንድሟ ኳሱን አልረሳሁትም በይው። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ውሃው ንገሪያት፣ ስለ ሰኞ ግን አትንገሪያት። በሆድሽ ላለውም አጎትህ ሰላም ብሎሃል በይው። ስም ገና ባይወጣለትም እኔ ቆጥሬዋለሁ።

ወንድምሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኅዳር ፲፬ ቀን