መስኮቱን አትክፈቱ

ሐምሌ 29፣ ከሰዓት

ዛሬም ጉንፋን። ፌጦም ነጭ ሽንኩርትም ሞከርኩ፣ ወይ ፍንክች። አፍንጫዬ ድፍን ነው ደብተሬ፣ በርበሬ ቢቆላ አይሸተኝም።

የጋሼ ታደሰን ኮሮላ ጨረስኩ። ጡረተኛ ናቸው፣ ሠፈራቸው የካ ሚካኤል ጀርባ። ከነገ ወዲያ ፍልሰታ ይገባል፤ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር በየቀኑ እንጦጦ ማርያም ሊወጡ ነው። በክረምት ኤሲ ምን ያደርጋል? መስታወቱ ጉም እየያዘ መንገድ አላሳይ ብሏቸው። መስኮት ገርበብ ቢያደርጉ ይለቅ ነበር፣ ግን እትዬ ንፋስ ይመታኛል ባይ ናቸው። የኛ ሰው ከጅብ ይልቅ የመኪና መስኮት ይፈራል። አላማም፣ እንጀራዬ ነው።

ኮንደንሰር ቀየርኩ። ማጣሪያ ቀየርኩ። የቱቦዎቹን ላስቲክ በሙሉ። ኢቫፖሬተሩ ግን፣ ያ ዳሽቦርድ ውስጥ ተደብቆ አየሩን የሚያቀዘቅዘው፣ ዘይት አልቦታል። ላብ ማለት ቀዳዳ ማለት ነው። መቀየር ነበረበት። ጋሼ ከፍልሰታ በኋላ አሉ። እኔም እሺ አልኩ፣ በማጣበቂያ ደፈንኩት። ጋዙን ሰሞኑን ከገዛሁት አዲስ ሲሊንደር ሞላሁ። እንደ ልማዴ ያለ ሚዛን፣ ቱቦውን በእጄ ጨብጬ ቅዝቃዜውን እየለካሁ። ግሩም አድርጎ በረደ።

ዳሽቦርዱ ላይ የሰም ጠብታ አየሁ። የጣሪያው መብራት ከሞተ ቆይቷል፤ ጎህ እስኪቀድ እትዬ መኪናው ውስጥ ጧፍ አብርተው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። መቅደሱን እዚሁ ሠሩት እኮ ብዬ ቀለድኩባቸው። ሳቁ። ሲሄዱ መስኮቱን አትክፈቱ፣ ኤሲው ይደክማል አልኳቸው። እትዬ ደስ ብሏቸው መረቁኝ።

ነሐሴ 2፣ 4 ሰ.

ጋሼ ታ. ደወሉ። መኪናው ውስጥ አንዳንዴ ይሸታል አሉ፣ የበሰበሰ ሽንኩርት ነገር። አዲስ ዕቃ ነው፣ ይለቃል አልኩ። መስኮቱን ደግሞ አደራ። ከዛሬ ጀምሮ ሱባኤ ስለያዝኩ ስልክ እዘጋለሁ አሉኝ።

ነሐሴ 4፣ 8 ሰ.

ሰናይት፣ ሚስቴ፣ ምሳ ይዛ መጣች። ገና የጋራዡን በር ሳታልፍ ቆመች። ምድጃ ክፍት ትተሃል? አለች። ምን ምድጃ? እዚህ ምድጃ የለም። ሽታውን ተከትላ ሄደች። አዲሱ ሲሊንደር ጋ ደረሰች። ቡታጋዝ ነው አለች፣ እርግጠኛ ሆና።

ሜዳው ላይ ወስጄ ጥቂት ለቅቄ ክብሪት ጫርኩ። ነደደ። ሰማያዊ ሆኖ።

የኤሲ ጋዝ እንዲህ አይነድም። የኤሲ ጋዝ ተብሎ ተለጥፎበት የሸጡልኝ የወጥ ቤት ጋዝ ነው። ከእሱ የሞላሁት አንድ መኪና ብቻ። የሚያፈስ ኢቫፖሬተር ያለው። መስኮቱ የማይከፈት። ጧፍ የሚበራበት።

9፡30

ከድር፣ ግቢውን የምንጋራው ኤሌክትሪሻን፣ አፍህን ዝጋ አለኝ። እስካሁን ምንም አልሆኑ፣ ጋዙም አፍስሶ ያልቃል፤ ብትናገር ግን እዚህ ላምበረት ማን መኪና ያምንሃል? ሐሰት አልተናገረም። ስም እንደ ኮንደንሰር አይቀየርም።

ደወልኩ። ዝግ። ደወልኩ። ዝግ። ቤታቸውን አላውቅ።

ከድርን ሰምቼ ዝም ልል አስቤ ነበር። ላንተ አልዋሽም ደብተሬ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቤያለሁ። አፈርኩ። ሲነጋ ሠፈራቸው ሄጄ እፈልጋቸዋለሁ።

ነሐሴ 5፣ ጠዋት 1 ሰ.

የካ ሚካኤል ጀርባ ነኝ። በር ለበር ጠይቄ ቤቱን አገኘሁ። ዘግይቻለሁ። በሌሊት ወጥተዋል፣ አለችኝ ጎረቤታቸው። መኪናዋ ስትሞቅ ግቢው ሁሉ ሸተተን፣ ምን ይሆን? ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። አሁን ወደ እንጦጦ ልሄድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኔ ቅጠሉን ቆርጬ ሳልጨርስ...

8፡40፣ እንጦጦ

መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ታክሲ አጣሁ፣ በእግሬ ነው የወጣሁት። ኮሮላዋ አለች። ባሕር ዛፉ ሥር፣ ጉሙ ውስጥ። እስካሁን ምንም አልደረሰባቸውም። ተመስገን።

አራቱም መስኮት ጥርቅም። በሩ ቁልፍ። ዳሽቦርዱ ላይ የጧፍ እስር፣ አጠገቡ ክብሪት። ጉንፋኔ ዛሬ ለቆኛል። የበሩ ክፍተት ላይ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ሸተተኝ። ሰናይት ያለችው ሽታ፣ ጋሼ የነገሩኝ ሽታ።

ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ እስኪወጡ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ካልጻፍኩ እጄ አያርፍም። ቆርጫለሁ። በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ፤ ጋዙን የሞላሁት እኔ፣ ሽታው ይለቃል ያልኩት እኔ። ሞተሩ አይነሳም። ክብሪቱን እወስዳለሁ። ስሜ የራሱ ጉዳይ። ጋራዡ ቢዘጋም ይዘጋ።

ቅዳሴው አለቀ። ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። ዝናብ ጣለ፣ ሁሉም ይሮጣል። ጋሼ ታ. ከነጠላቸው ሥር ቁልፉን አወጡ። እትዬ ቀድመዋቸዋል። አዩኝ፣ ደስ ብሏቸው እጃቸውን አነሱ። መጀመሪያ የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ መስኮቱን ክፈቱ።