ከዜሮ በታች ያለው አራት

ሰኞ

መብራት ሄደ፤ አድማሱ ግን አለ። ሰላማዊት የበረዶ ሳጥኗን እንደ ሕፃን አቅፋ የሆስፒታላችን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ ከአዲስ አበባ ቦንጋ ድረስ የመጣች የላብራቶሪ ልጅ ናት። ሳጥኑ ውስጥ የጣቴን ጫፍ የምታክል ብልቃጥ አለች። በውስጧ ያለው ፈሳሽ አንቲቦዲ ይባላል። እንዳስረዳችኝ፣ የሰውነታችን ሴሎች እጅ ለእጅ የሚያያዙበት ፕሮቲን አለ። አንቲቦዲው እሱን ፈልጎ ይለጠፍበታል፤ ቀለም ሲጨመርበት ቡናማ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ የጨጓራ ካንሰር ሲይዝ ሴሎቹ ይላቀቃሉ፣ ቡናማውም ይጠፋል።

"ሌላ የለኝም ጋሽ አድማሱ። ይሄ ከተበላሸ ጥናቴም አለቀ።"

"እኔ እያለሁ?" አልኳት።

ክትባቱ ወደ አዲሱ ፍሪጅ ሲዛወር ለእኛ የቀረ፣ በላምባ የሚሠራ አሮጌ ፍሪጅ አለ። ጽዳት ሠራተኛ ብሆንም የዚያን ፍሪጅ ጠባይ እንደኔ የሚያውቅ በከፋ ዞን የለም። ለኮስኩትና ብልቃጧን አስገባን። ቴርሞሜትር፣ ወረቀትና የፍሪጁን ቁልፍ ሰጠችኝ። ከ2 እስከ 8 ደህና ነው። ጠዋትና ማታ መዝግቤ ልፈርም። ልፈርም! አምና ደመወዝ የምቀበለው በአውራ ጣቴ ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት 9። በዛ። እሳቱን ጨመርኩት። (እሳት ሲጨምሩበት የሚበርደው ይሄ ፍሪጅ ብቻ ነው።) ማታ 4። እንዴት ያለች ቆንጆ አራት! "አድማሱ" ብዬ ፈረምኩ፤ የመጨረሻዋን ፊደል ጭራ ጠምዘዝ አድርጌ። ሰላማዊት ለሥራ ዋጫ ከተማ ሄዳለች፤ ሐሙስ ትመለሳለች።

ለባለቤቴ ለአልማዝ አወራሁላት። "አንተ ደግሞ ሁለት ፊደል ቆጥረህ ዶክተር ልትሆን ነው?" አለች። ቅናት ነው።

ረቡዕ

ጠዋት 4። ማታ 4። ፈረምኩ፣ ፈረምኩ።

ችግር። የመጠጥ ውሃዬን ፍሪጁ ውስጥ ደብቄ ነበር። ክልክል ነው፣ አውቃለሁ። ላወጣው ብል ድንጋይ ሆኗል። በአራት ውሃ ይረጋል እንዴ? ብልቃጧን ማየት ፈራሁ። በሩን ዘግቼ ወደ ማታ ትምህርቴ ሄድኩ።

"ከዜሮ በታች ቁጥር አለ እንዴ?" አልኩት መምህሩን።

"አለ፤ ገና አልደረስንበትም" ብሎ መስመር አሰመረና ዜሮን መሀል ላይ አስቀመጣት። ከታችዋ ደግሞ 1፣ 2፣ 3፣ 4። ቴርሞሜትሩም ላይ ከዜሮ ግራና ቀኝ ያው ቁጥር ነው፤ የኔዎቹ አራቶች እዚያ ታች ነበሩ! ይሄን ሁሉ ወር ቁጥር ሲያስተምረኝ ከቤቱ ሥር ሌላ ቤት እንዳለ አልነገረኝም።

ሮጬ ሄጄ እሳቱን ቀነስኩ። ወረቀቱን አየሁት። የጣት ምልክት ቢሆን ማን ያነበዋል? ስም ግን ይነበባል። ቀድጄ አዲስ ልጽፍ እስክሪብቶ አወጣሁ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ሐሙስ

ሰላማዊት ከመኪና ሳትወርድ ነገርኳት። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ቀጥታ ላብራቶሪ ገብታ ከብልቃጧ ጋር የመጣውን ወረቀት አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

"የፈሳሹ ግማሽ ግሊሰሪን ነው" አለች። "በዚህ ቅዝቃዜ አይረጋም።"

"አልማዝ እጇን የምትቀባው ግሊሰሪን?"

"እሱ ራሱ። ቢሆንም ነገ ሞክሬ ካላየሁ አላምንም።"

እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። አልማዝ እንኳ አልቀለደችብኝም።

አርብ

አንዱን ኮሪደር ሦስት ጊዜ ወለወልኩት። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። "ጋሽ አድማሱ፣ ይምጡ ይዩ!"

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በማይክሮስኮፑ አየሁ። ጤነኛው ጨጓራ ልክ የማር እንጀራ! እያንዳንዱ ክፍል ዙሪያውን በቡናማ ተከቧል። የአባቴን ቀፎ ስንከፍት እንዲሁ ነበር። ቀጥሎ የታመመውን አሳየችኝ። ቡናማው የለም፤ ሴሎቹ እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተበትነዋል። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አነሳሁ። የሆነ ሰው ጨጓራ ነው።

"ሠርቷል" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ከዚያ ወረቀቴን አውጥታ ከእያንዳንዱ አራት ፊት ከዜሮ በታች መሆኑን የምታሳይ አጭር ሰረዝ እንዳስገባና እንደገና እንድፈርም አደረገችኝ። "ሌላ ሰው ቢሆን ቀድዶ ይጥለው ነበር።" እስክሪብቶ ማውጣቴን አልነገርኳትም።

አልማዝ ስትሰማ "እንግዲህ ያዳነህ የኔ ቅባት ነው" አለችና እስከ እራት ስትጎርር ቆየች። ቤቱ ለሁለት ጉረኛ ይጠባል።

የፍሪጁ ቁልፍ ግን አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ሰላማዊት ይመልሱልኝ አላለችኝም።